መጫኛውን ይዤ የቆምኩበት ከሰዓት በኋላ

መንገሻ ዛሬም በሕይወት አለ። ይህን የምጽፈው ሞቶ አፈር ከተጫነው በኋላ ልወቅሰው ጠብቄ አይደለም። አሁንም ከዘራውን ተደግፎ ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ይሄዳል፤ የሚያነብለት ካገኘ ይስማው። ስሙን ቀይሬዋለሁ። የቀየርኩት ግን ለእሱ አዝኜ ሳይሆን ለሚስቱ ስል ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የቆላው ወጣት እየታፈሰ ወደ ሰሜን በሚጫንበት ወቅት ነው። እኔ ያኔ ትምህርቴን ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ በሚገኝ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በሽቦ የታጠረች ትንሽ ሜዳ ነበረችኝ። ቴርሞሜትሩን አነባለሁ፣ የዝናብ መለኪያውን አያለሁ፣ ያየሁትን በስልክ ወደ አዲስ አበባ አስተላልፋለሁ። ከዚያ የሚመጣውን የአካባቢውን ትንበያ ደግሞ በእርሻው በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ።

ደገኛ ሰው ክረምት ሲባል ብርድ ይመስለዋል። የእኛ ክረምት ላብ ነው። ፀሐይ ከአፋር በኩል ብቅ ከማለቷ ልብስ ከገላ ይጣበቃል። ቀትር ላይ አየሩ እርጥብ ብርድ ልብስ እንደ ተከናነቡ ያፍናል፤ ዝንቡ እንኳ ካረፈበት አይነሳም። ከዚያ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ፣ በጣርማ በር ገደል አናት ላይ ደመናው እየተቆለለ ይጠቁርና ነጎድጓዱ ይጀምራል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ አንድ ጠብታ ሳይወድቅ፣ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ገደል ለገደል ተንደርድሮ ሮቢ ወንዝን ሞልቶ ይመጣል። ፀሐይ አናትህን እየበላችህ ጎርፍ ይወስድሃል። አገሬው «ደራሽ» ይለዋል። በወረዳችን በቀወት ደራሽን የማይፈራ ልጅ የለም።

ተሾመ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ የእናቴን ማሽላና ሽንኩርት የሚያርሰው እሱ ነበር። ጓደኛው ደረጀ ይባላል፤ የመንገሻ ልጅ ነው። ሁለቱ ዋና የተማሩት በአንድ ኩሬ፣ እሸት የሰረቁት ከአንድ ማሳ ነው። መንገሻ ደግሞ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር።

የውትድርናው ኮታ ሲመጣ ዕጣ ይጣላል ተባለ። ዕጣው የወጣው በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ነው። ከዚያ መንገሻ ብቅ አለና የተሾመን ስም ጠራ። ዕጣው የደረሰው ለደረጀ እንደሆነ፣ አባትየው እንደለወጠው መንደሩ ሁሉ ያንሾካሹክ ነበር። ጮክ ብሎ የተናገረ ግን አልነበረም። ወንድሜን ከማሽላው መሐል፣ መኮትኮቻውን እንደያዘ ወሰዱት።

ከዓመት በኋላ በክራንች የተመለሰ አንድ ወታደር መርዶውን ነገረን። ጎረቤት ተሰብስቦ ማልቀስ ሲጀምር መንገሻ ጠብመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ለአብዮቱ የወደቀ ጀግና አይለቀስለትም!» አለ። «ዳሱን አፍርሱ! ማልቀስ ጠላትን ማስደሰት ነው!»

ዳሱ ፈረሰ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። የታፈነ ድምፅዋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቂም ምን እንደሆነ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ማታ ስመለስ የማስበው ስለ መንገሻ ነበር። ቤቱን ላቃጥለው አሰብኩ። መርዝ አሰብኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ጎንበስ ብዬ «ደህና ዋሉ ወይ፣ ጓድ ሊቀመንበር?» እለው ነበር። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ቂሜ ያድጋል።

ነሐሴ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ከአዲስ አበባ የደረሰኝን ትንበያ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ «በሸዋ ምሥራቃዊ ቆላማ ቦታዎች ከፍተኛ ሙቀትና እርጥበት ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል።» ቀትር ሲያልፍ ደብረ ሲና ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ ደወለልኝ።

«አስካለ፣ እዚህ በረዶ ቀላቅሎ እያወረደው ነው። ከፊቴ ያለውን ቤት እንኳ አላየውም። ሰዎቹን ከወንዝ አርቂ» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ መንገሻ በሽቦው በር ሲገባ አየሁት። ካኪ ሸሚዙ በላብ ጠቁሯል። ከኋላው በግራሩ ጥላ ሥር፣ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች የተከበቡ ወጣቶች ተቀምጠዋል። አዲስ የታፈሱ ናቸው። አብዛኞቹን ከነቤተሰባቸው አውቃቸዋለሁ።

«አንቺ» አለኝ። «ዛሬ ይዘንባል?»

ለምን እንደጠየቀኝ ወዲያው ገባኝ። የጦር ካሚዮን ከወንዙ ማዶ እየጠበቀው ነበር። መሻገሪያው ሁለት ነው፤ በላይ በኩል የአስፋልቱ ድልድይ፣ በታች በኩል ደግሞ ሰው በእግሩ የሚሻገርበት አሸዋማው መልካ። ድልድዩ ላይ የወጣቶቹ እናቶች ተሰብስበዋል። እሱ ከእነሱ ተደብቆ በመልካው ሊያሾልካቸው ነው ያሰበው።

በዚያች ቅጽበት በልቤ ያለፈውን አልደብቃችሁም። እውነቱን ብነግረው እንደማያምነኝ አወቅሁ። ሰው የበደለውን ሰው አያምንም። ስለዚህ እውነቱ ራሱ በእጄ ላይ እንደ ስለት አበራ።

«ደብረ ሲና ላይ እየጣለ ነው» አልኩት። «ደራሽ ይመጣል። በመልካው አይሂዱ፤ በድልድዩ ይሻገሩ።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። በላያችን ላይ ሰማዩ ጠርቷል፤ ደመናው ከገደሉ አናት አልወረደም። ሳቀ።

«በድልድዩ? እናቶቻቸው አንገቴ ላይ እንዲጠመጠሙ? እዚያ የሰበሰብሻቸውስ አንቺ ትሆኛለሽ!»

«የነገርኩዎት እውነቱን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የወንድምሽን ቂም በዝናብ ልትወጪ ነው? ይሄ ሰማይ ይዘንባል? ሰማዩ ከአንቺ ይሻላል፤ አይዋሽም» አለና ዞሮ ጮኸ፤ «ተነሱ! ወደ መልካው!»

ሂድ፣ አልኩ በልቤ። ሂድ፣ ይብላህ።

ደስታዬ ወጣቶቹ በፊቴ እስኪያልፉ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ገና ጺም ያላበቀለ፣ ዞር ብሎ «እትዬ አስካለ፣ ለእናቴ በመልካው ሄዱ በያት» አለኝ። ደራሹ መንገሻን ብቻ መርጦ አይወስድም።

በእርሻው በር ላይ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የአርጎባ ሰው ግመሎቻቸው ላይ ሽንኩርት ይጭኑ ነበር። ከአሊዩ አምባ ጀምሮ ቆላውን በግመል ያዳረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከበሬ ቆዳ የተገመደውን ረጅም መጫኛ ከእጃቸው መንጭቄ ሮጥኩ።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

«ደራሽ! ልጆቹ መልካው ውስጥ ናቸው!»

«ያ አላህ!» ሲሉ ሰማሁ፤ ግመሎቻቸውን ትተው ተከተሉኝ።

መልካው ጋ ስደርስ ወጣቶቹ የወንዙን አሸዋ አጋምሰዋል። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። መንገሻ ከኋላ ሆኖ ይነዳቸዋል። ያን ጊዜ ድምፁ መጣ። ከላይ፣ ከጠመዝማዛው ጀርባ፣ ብዙ ካሚዮን ባንድ ጊዜ ቁልቁል የሚወርድ የመሰለ ጉምጉምታ። ወፎቹ ከዛፍ ላይ ተነሱ።

«ደራሽ!» ብዬ ጮኽኩ። «ወደ ፊት ሩጡ! ወደ ማዶ!»

የወንዝ ልጆች ናቸው፤ ሁለት ጊዜ መስማት አላስፈለጋቸውም። ሮጡ። አብዮት ጠባቂዎቹም አብረው ሮጡ። መንገሻ ግን ልጆቹ የሚያመልጡት መሰለው። እንደ እነሱ በመሮጥ ፈንታ ቆመና ጠብመንጃውን አነጣጠረ።

«ቁም! እተኩሳለሁ! ቁም!»

እነሱ ማዶ ሲወጡ ውሃው በጠመዝማዛው ዞሮ መጣ። ቡናማ ግድግዳ ነበር፤ ግንድና ድንጋይ፣ የሞተ ፍየል ሳይቀር ተሸክሟል። መንገሻን ከእግሩ ነቅሎ አንከባለለው። ጠብመንጃው አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሞተ ብዬ ስጠብቅ፣ ከእኛ ዳር ብዙም በማይርቅ አለት ላይ፣ ከአለቱ ጎን የበቀለች የተጣመመች ግራር ላይ ተጠምጥሞ ታየኝ። ማዶ ያሉት ወጣቶች ቁጥቋጦው ውስጥ እየገቡ ነበር። ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ምንም እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ወደ ውሃው መልሰው ቆሙ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

«አስካለ!» ብሎ ተጣራ መንገሻ። «እህቴ! ገመዱን ወርውሪልኝ!»

እህቴ አለኝ።

መጫኛው በእጄ ነበር። ጋሽ ሰይድ አንዱን ጫፍ ከዛፍ ጋር አሰሩና «ወርውሪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

«እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው።

በወንዙ ዳር ባለው መንገድ ላይ አቧራ ሲነሳ አይቼ ነበር። እናቶቹ ደራሹን ሰምተው ልጆቻቸውን እየጠሩ ከድልድዩ ቁልቁል ይሮጣሉ። ከኋላቸው አንድ ላንድሮቨር ይከተላቸዋል። ከአውራጃው የመጣው፣ ምልምሎቹን የሚረከበው ሹም ነው። እስኪደርሱ ጠበቅኩ። ውሃው ከመንገሻ ወገብ ወደ ደረቱ ወጣ። እሱ ዓይኑን ከጎርፉ አልነቀለም፤ ከጀርባዬ ማን እንደመጣ አላየም።

እናቶቹ ልጆቻቸው ማዶ መውጣታቸውን ሲሰሙ መሬት ላይ ወደቁ። ሹሙ ከመኪናው ወረደ። ያን ጊዜ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

«መንገሻ!»

አንቱታውን ጣልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ያልኩትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«ያን ቀን ዕጣው ለማን ነበር የወጣው?»

«የምን ዕጣ? ገመዱን!»

«ተሾመ የሄደበት ዕጣ! ለማን ነበር የወጣው?»

«ለወንድምሽ ነው! ለወንድምሽ ነው የወጣው!»

መጫኛውን ረጋ ብዬ ክንዴ ላይ መልሼ ጠቀለልኩት። «እንግዲያው እሱን ጥራው፤ መጥቶ ያውጣህ።»

ጋሽ ሰይድ ክንዴን ያዙ። «ልጄ፣ አላህን ፍሪ። ነፍስ ነው።»

«የተሾመስ ምን ነበር፣ ጋሽ ሰይድ?»

ግንድ መጥቶ አለቱን መታው። ግራሯ ተንገጫገጨች። መንገሻ አንድ እጁ ሲያመልጠው ጩኸቱ ከወንዙ ድምፅ በላይ ወጣ።

«ለደረጀ! ለልጄ ነበር! እኔ ነኝ የለወጥኩት! ስለ እግዚአብሔር! ስለ ማርያም ብለሽ!»

በየስብሰባው «እግዜር የለም» ይለን የነበረ ሰው ነው። ከኋላዬ ካሉት ሴቶች አንዷ «ሰማችሁ?» አለች። «ሰምተናል» አሉ ሌሎቹ።

መጫኛውን ወረወርኩለት። አዝኜለት አይደለም። ጎርፍ ቢወስደው የአንድ ቀን ሞት ነው፤ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ እያወቀው በመካከላችን እንዲኖር ፈለግሁ። ጋሽ ሰይድና እኔ ስንስበው ከእናቶቹ አንዳንዶቹ መጥተው አገዙን፤ አንዳንዶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አዩ። አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ውሃ ሲያስታውክ በላዩ ቆምኩ። ሹሙ ቀስ ብሎ መጣ፤ ቦቲ ጫማው በመንገሻ ፊት አጠገብ ቆመ።

«ልጅህ የት ነው ያለው?» አለው።

መንገሻ ቀና ብሎ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እንዲያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። ወዲያው የእኛም ዝናብ ከነነጎድጓዱ ወረደብን። ሰው ሁሉ መጠለያ ፍለጋ ሲሮጥ እኔ ፊቴን ወደ ሰማይ አድርጌ ቆምኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ የእርሻው ሰሌዳ ላይ ትንበያ ስጽፍ ካሚዮኑ አለፈ። ካመለጡት ወጣቶች ጥቂቶቹን መልሰው ይዘዋቸዋል፤ ሌሎቹ ወደ አፋርና ወደ ዘመድ ተበትነዋል። ካሚዮኑ ላይ ከጥግ በኩል ደረጀ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ተጣራ።

«አስኩ! ተሾመን እኔ አላስላክሁትም! ዕጣው የእኔ መሆኑን ትላንት ነው የሰማሁት!»

ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ካሚዮኑ በአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰሜን ሄደ።

ወደ ቤት ሮጬ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። መንገሻ በሕዝብ ፊት እንዳመነ፣ ከሊቀመንበርነቱም እንደሚወርድ ነገርኳት። የምትመርቀኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደረጀን ወሰዱት?»

«ዕጣው የእሱ ነበር፣ እማዬ።»

«ያ ልጅ ከተሾመ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ እዚህ ያደገ ነው» አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ መንገሻ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። የደረጀ እናት እትዬ ወርቄ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ለተሾመ ያልተለቀሰውን ለቅሶ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ በዚያ ሰው ጣሪያ ሥር አወጣችው። መንገሻ ጓዳ ውስጥ ነበር። ዝም በሉ የሚልበት አንደበት አልነበረውም። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ አልገባሁም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በአስፋልቱ እየተንጠባጠበ በሸዋ ሮቢት አለፈ። ባዶ እግራቸውን የሆኑ፣ ቁስላቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ ነበሩ። እትዬ ወርቄ በዚያ ሐሩር በእንስራ ውሃ ይዘው መንገድ ዳር ቆሙ። ለእያንዳንዱ ውሃ እየሰጡ «ደረጀ መንገሻ የሚባል አታውቅም?» ይላሉ። አንዱም አላውቀውም እንጂ አውቀዋለሁ አላለም። አንድ ቀን እንስራቸው ሲያልቅ የእኔን ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝና ሳያዩኝ ተናገሩ።

«በመንገሻ ላይ ቂም መያዝሽ እውነትሽን ነው፤ የእኔም ቂም ነው። ለልጃችን ብሎ ዕጣውን ሲለውጥ አላወቅሁም ነበር። ግን ያን ቀን ሹሙ እስኪደርስ ስትጠብቂ፣ መልሱ የእኔ ልጅ መሆኑን አታውቂም ነበር?»

ብዙ ልል ይገባኝ ነበር። ዕጣውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ጦርነቱን የከፈትኩት እኔ አይደለሁም። ተሾመም ልጅ ነበር። ውሃውን ትቼ ተመለስኩ። ደረጀ እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም።

አንባቢዎቼ፣ በደል የደረሰባችሁን ይቅር በሉ ብዬ ልመክራችሁ አልተነሳሁም። እኔ አላልኩም። ዛሬም መንገሻ አለት ላይ ቢንጠለጠል፣ ዛሬም መጫኛው በእጄ ቢሆን፣ ያንኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ግን ሹሙ ከመድረሱ በፊት እጠይቀው ነበር። እናቶቹ ሰምተው ይበቃ ነበር። ያን ከሰዓት በኋላ የተማርኩት ይህንን ነው። ጠላት ብቻውን አይቆምም። ከኋላው ምንም የማያውቅ ሰው አለ። ስትመቱት እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከጀርባው ያለውን እዩ። እኔ አላየሁም፤ ዓይኔ ላንድሮቨሩ ላይ ነበር።

አሁን ሁላችንም አርጅተናል። መንገሻ በአስፋልቱ ዳር ሲያልፍ እኔ ሰላም አልለውም። እትዬ ወርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔን ሰላም አይሉኝም። ሁለታችንም ልክ ነን።